ፉከራና ፌዝ፤ የአማርኛ ቃል ግጥም በሰብሳቢዎች እጅ

የአማርኛ ቃል ግጥም እየተሰበሰበ በመጽሐፍ መውጣት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ዘመን ሁሉ ከወጡት ስብስቦች ብዙዎቹ ግጥሙን በየወገኑ ለይተው፥ ፉከራውን ከፉከራ፥ ውዳሴውን ከውዳሴ፥ ሙሾውን ከሙሾ፥ ስላቁን ከስላቅ ጋራ አድርገው ያቀርቡታል። አከፋፈሉ ለአንባቢ ይመቻል፤ ለተማሪም ጥናቱን ያቀልለታል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉዳት አለበት፤ ይኸውም ግጥሙ በተነገረበት ሥፍራ ያልነበረውን አጥር በመጽሐፍ ውስጥ ማቆሙ ነው። የሚፎክር ሰውና የሚያፌዝ ሰው የሚናገሩበት ግጥም በስንኝ ልኩ፥ በቤት አመታቱ፥ በአነሣሡና በአጨራረሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ውዳሴውን ከስድብ የሚለየው ማን፥ በማን ፊት፥ ምን ከሆነ በኋላ ተናገረው የሚለው ነገር ነው። ይህን ሳይመዘግብ ቃሉን ብቻ ጽፎ የተመለሰ ሰብሳቢ ከግጥሙ ያገኘው ሰሙን ብቻ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከነቀፋው በፊት የሰብሳቢዎቹን ውለታ መቁጠር ይገባል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 ኢጣሊያዊው ሊቅ ኢኛሲዮ ጉዊዲ ለነገሥታት የተገጠሙትን ጥንታውያን መዝሙሮች አሳተሙ፤ ከእርሳቸው በኋላ ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን እነዚሁኑ መርምረው ወደ ቋንቋቸው መለሱ። ከዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) ጀምሮ እስከ ዐፄ ገላውዴዎስ (1540–1559) ድረስ ለነገሡት የተባሉት እነዚህ መዝሙሮች በአማርኛ ተጽፈው ከደረሱን ጽሑፎች መካከል ከጥንታውያኑ የሚቈጠሩ ናቸው። ኤንሪኮ ቼሩሊም በ1916 የአማርኛ ሕዝባዊ ዘፈኖችን ሰብስበው አወጡ። እነዚህ ሰዎች ባይደክሙ ኖሮ ዛሬ ለመመርመር የሚበቃ ጽሑፍ ባልተገኘ ነበር።

ይሁን እንጂ የነገሥታቱ መዝሙሮች አንድ ልማድ አስለምደው አልፈዋል። በብራናው ላይ የተቀመጠው የአገሮች ስም፥ የጦርነቱ ዝናና የንጉሡ ኃይል ነው። ዘፋኙ የአንዱን አገር ስም ሲጠራ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረጉን፥ አዳማጩም ማጨብጨቡን ወይም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ማለቱን ብራናው አይናገርም። ብራናው ስለዚህ አይወቀስም፤ የተጻፈው ለንጉሥ ክብር እንጂ ለጥናት አልነበረምና። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሰብሳቢ ግን ግጥሙ ሲነገር ከቦታው ተቀምጦ፥ የሣቀውንም የተቈጣውንም በዓይኑ አይቶ ሳለ እንደ ብራናው ቃሉን ብቻ ጽፎ ተመልሷል። ለዚህ የሚበቃ ምክንያት ማቅረብ ይከብዳል።

ነገሩን ለመረዳት ከፉከራ መጀመር ይሻላል። ፉከራን ባዶ ትምክሕት አድርገው የሚያዩት ጥቂቶች አይደሉም። አሠራሩን ለመረመረ ሰው ግን ፉከራ ሥርዓት ያለው የምስክርነት ቃል ነው። ፎካሪው በመጀመሪያ የማን ሰው እንደ ሆነ ይናገራል፤ ጌታውን ይጠራል፥ አብዛኛውንም ጊዜ በፈረስ ስሙ ይጠራዋል። አባ ታጠቅ ሲባል ዐፄ ቴዎድሮስ፥ አባ በዝብዝ ሲባል ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፥ አባ ዳኘው ሲባል ዐፄ ምኒልክ፥ አባ ነጋ ሲባል ራስ አሉላ መሆናቸውን የማያውቅ አዳማጭ አልነበረም። ከዚያ ቀጥሎ የሠራውን ይቈጥራል፤ ሦስተኛም የሠራበትን ቦታ ይጠራል። ይህን ሁሉ የሚለው በዚያው ጦርነት አብረውት በዋሉ ሰዎች ፊት ነው። ከዘመቻ በኋላ በጌታ ፊት ግዳይ ሲጣል የሚሰማው ፉከራ ሹመትና ሽልማት የሚጠየቅበት አቤቱታ ጭምር ነበር። እንግዲህ የፎካሪው ማንነት ለብቻው የሚቆም አልነበረም፤ ከላይ በጌታው፥ ከጎን በምስክሮቹ የታሰረ ነው። ያልሠራውን ሠራሁ ቢል የሚያሳፍረው ሰው አጠገቡ ቆሟል።

ፌዙ የሚገባው በዚሁ በር ነው። በሠርግ ቤትና በጠላ ቤት ለሣቅ የሚፎክር ሰው ሦስቱንም ነገር ሳያጓድል ይዞ ይነሣል። ጌታ ይጠራል፥ ሥራ ይቈጥራል፥ ቦታ ያመለክታል፤ ዱላውንም እንደ ጦር ይሰብቃል። የሚለወጠው ሥራው ብቻ ነው። የዘመተው ወደ ገበታ፥ የተጋጠመው ከወጥ ድስት፥ የሸሸውም ከሚስቱ ቁጣ ሊሆን ይችላል። ስንኙ ግን እንደ ጀግናው ስንኝ ነው፤ በወል ቤት ከሆነ በ6 በ6 ተከፍሎ 12 ቀለም፥ በሰንጎ መገን ከሆነ በ5 በ5 ተከፍሎ 10 ቀለም ይይዛል። መንግሥቱ ለማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አማርኛ ግጥም አሰኛኘት ያወጡት ጽሑፍ የስንኝን ልክ ለመመርመር መንገድ የከፈተ ነው። የስንኙ ልክ ሲታወቅ ግን አንድ ሌላ ነገር አብሮ ይታወቃል፤ ልኩ ጀግናውን ከቀልደኛው አይለይም።

ታዲያ በዚህ ፌዝ የሚሣቅበት ማን ነው? አንዱ አዳማጭ በፈሪው ይሥቃል፤ ሌላው ደግሞ ባለፈው ሳምንት በዚያው ቤት ከልኩ በላይ በፎከረው ትልቅ ሰው ይሥቃል። ቀልደኛው ማንንም በስም አላነሣምና ሁለቱም ሣቆች በአንድ ጊዜ፥ በአንድ ቤት ይሰማሉ። ስለዚህ ፌዝ ፉከራን የሚያጠፋ ጠላቱ ሳይሆን የሚቈጣጠረው ዳኛው ነው ማለት ይቻላል። ፉከራ እውነተኛ ሆኖ እንዲቆይ ከበስተኋላው የሚሥቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ይህ ጠባይ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በኦሮሞ ዘንድ ጌረርሳ የሚባለው ዜማ የአዳኝና የጦረኛ ፉከራ ሆኖ የሚታወቅ ሲሆን፥ በኋላ ዘመን ድኽነትን፥ እስርንና በደልን ለመናገር ያገለገለው የፉከራውን መልክ ሳይለቅ ነው። አዲሱ ቶሌሳ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ባወጡት መጽሐፍ ይህንኑ ዜማ የሕዝቡ ሥነ ጽሑፍ አድርገው መርምረውታል። የጀግንነት ዜማ ጀግንነት የሚሠራበት መንገድ ሲዘጋበት አቤቱታ መሆኑ፥ የግጥሙ ወገን በቃሉ መልክ ብቻ እንደማይወሰን የሚያስረዳ ሁለተኛ ምስክር ነው።

ከታሪክ አንድ ነገር ወስዶ መመርመር ሐሳቡን ያጠራዋል። በ1845 ዓ.ም. ኅዳር ወር የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ከደጃዝማች ካሣ፥ ማለት ከኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋራ በጉር አምባ ተዋጉ። በትውፊት ሲነገር እንደ ቆየው፥ ከጦርነቱ በፊት የጎሹ አዝማሪ ካሣን ጥቂት ሰው ይዞ እንደሚንጎራደድ እብድ፥ ከመንጎራደድም በቀር እንደማይዋጋ አድርጎ በግጥም አፌዘበት። ቀኑ ግን ለካሣ ሆነ፤ ጎሹም ወደቁ። አዝማሪው ተይዞ ቀረበና ስለ ስድቡ ሲጠየቅ ሁለተኛ ግጥም ገጠመ፤ በዚህም አፉን ረግሞ ለእንደ እርሱ ያለ አዝማሪ ሽመል እንደሚገባው ተናገረ። ካሣም እንደ ቃሉ አስደበደበው፤ አዝማሪውም ሞተ።

እነዚህ ሁለት ግጥሞች በስብስብ ውስጥ ቢገቡ የመጀመሪያው በስላቅ፥ ሁለተኛው በንስሓ ወይም በተግሣጽ ክፍል እንደሚመደቡ አያጠራጥርም። ሁለቱም አመዳደብ ግን ነገሩን ያስታል። የመጀመሪያው ግጥም በጎሹ ሠራዊት መካከል ሲነገር ፉከራ ነበር፤ አዝማሪው በጌታው ስም ይፎክር ነበርና ለካሣ ስድብ የሆነው ለጎሹ ሰዎች ልብ መስጫ ነበር። ጦርነቱ ሲገለበጥ ያው ግጥም አንድ ፊደል ሳይለወጥበት በተናጋሪው ላይ የሚያፌዝ ሆነ። ሁለተኛው ግጥም ደግሞ በወረቀት ላይ ሲነበብ የተጸጸተ ሰው ቃል ይመስላል፤ በድንኳኑ ውስጥ ግን የድፍረት ቃል ነው። አዝማሪው በራሱ ላይ ፈርዶ አሸናፊውን በማሣቅ ነፍሱን ሊዋጅ ሞከረ። የቃሉ ሰም ሽመል ነው፤ ወርቁ ምሕረት ነው። ካሣ ሰሙን ወስደው ወርቁን ተዉት። ግጥሙን ያለ ድንኳኑ የሚያነብ ሰው ግን በዚያ ስንኝ ውስጥ የአንድ ሰው ሕይወት ተይዞ እንደ ነበር ሊያውቅ አይችልም።

አዝማሪ ሁልጊዜ ለብቻው የሚናገር አለመሆኑም በአመዳደቡ ውስጥ የተረሳ ነገር ነው። በአዝማሪ ቤት የተቀመጠ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይነግራል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ከማሲንቆው ጋራ ያዜመዋል። እንዲህ ሲሆን የግጥሙ ባለቤት ማን ነው? የነገረው ሰው ድምፁን አላሰማም፤ ድምፁን ያሰማው ሰው ሐሳቡ የእርሱ አይደለም። የተሰደበ ቢኖር ማንን ይክሰስ? በአንድ አፍ ሊባል የማይደፈረው ነገር በሁለት አፍ ተከፍሎ ይባላል። በስብስብ መጽሐፍ ግን ግጥሙ «የአዝማሪ ግጥም» ተብሎ በአንድ ስም ይገባል፤ የነገረውም፥ የተቀበለውም፥ የተነገረበትም አብረው ይቀልጣሉ።

ከዚህ ጋራ የፊደሉ ጉዳይ መነሣት አለበት። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም፤ የአዝማሪው ኅብረ ቃል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በዚሁ በመጥበቅና በመላላት ላይ ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓል፥ ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው። «ዋና» ሲጠብቅ አለቃ፥ ሲላላ በውሃ ላይ መንሳፈፍ ነው። «ወንዝ» ደግሞ ውሃም አገርም ይሆናል። ለምሳሌ ያህል አንድ አዝማሪ በአንድ ሹም ፊት «የወንዙ ዋና» ቢል፥ ቃሉ ጠብቆ ሲሰማ የአገሩ አለቃ ማለት ነውና ሹሙ ይሸልመዋል። ሹሙ ከጦርነት ሸሽቶ በወንዝ ዋኝቶ ያመለጠ እንደ ሆነ ግን ቃሉን አላልቶ የሚሰማ ሰው ከጥግ መሣቁ አይቀርም። አዝማሪው በድምፁ ጠበቅም ላላም ሳያደርግ በመካከል ይዞት ያልፋል። ይህ ቃል ሲታተም ሁለቱ ድምፆች በአንድ «ና» ውስጥ ይቀበራሉ። አንባቢው የሚያገኘው አንድ ተራ ውዳሴ ነው፤ ስብስቡም ግጥሙን ከውዳሴዎች መካከል ያስገባዋል።

እዚህ ላይ ከቤተ ክህነቱ ቅኔ ጋራ ያለውን ልዩነት ማስታወስ ይጠቅማል። በዋድላ፥ በጎንጅ ወይም በዋሸራ ሥርዓት የተማረ ባለቅኔ ሰሙንም ወርቁንም ራሱ ሠርቶ ያስቀምጣል፤ ሲጠየቅም ይፈታዋል፤ ክብሩም በፍቺው ይታወቃል። አዝማሪው ግን ሲጠየቅ ወርቁን ይክዳል። ወርቁን እንዲፈጽም የሚተወው ለአዳማጩ ነው፤ ደኅንነቱም በዚሁ ነው። ዶናልድ ሌቪን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብለው በሰየሙት መጽሐፋቸው የዚህን አነጋገር ጥቅሞች ሲቈጥሩ ባለሥልጣንን መንቀፍንና ሳይያዙ መሳደብን አላለፉም፤ ይህ አስተውሎታቸው ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን መጽሐፉ ሰምና ወርቅን የአንድ ሕዝብ ጠባይ መግለጫ ወደ ማድረግ ያደላል። ጠባይ ነው ከተባለ በማንኛውም ጊዜ በማንኛውም ሰው ላይ የሚገኝ ይሆናል። የጉር አምባው ነገር የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ሁለት ትርጉም የሚያስፈልገው የሚፈራ ሰው በተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ከፍርሃቱ ጋራም ይጠነክራል፥ ይላላል።

ገዦች ይህን ከሊቃውንቱ ይልቅ ፈጥነው ተረድተውታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ በተከታዩ ወር ግራዚያኒ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም በየመንደሩ እየዞሩ የሚዘፍኑትን፥ ጠንቋዮችንና መድኃኒተኞችን ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን አስታወቀ። ምክንያቱም የጣልያን አገዛዝ ሊያልቅ ነው የሚል ወሬ ይነዛሉ የሚል ነበር። ማሲንቆ ይዞ የሚዞር ሰው እንደ ታጠቀ ሰው ተቈጥሮ ተገደለ። እነዚያ አዝማሪዎች የዘፈኑት ምናልባት በስብስብ መጽሐፍ ቢገባ የፍቅር ዘፈን ተብሎ የሚመደብ ይሆን ነበር። ጠላት ያደመጠው ግን ቃሉን ብቻ አልነበረም፤ የአዳማጩንም ፊት ተመልክቷል።

የተቃራኒውም ምሳሌ አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋራ በተደረገው ጦርነት ጊዜ ቀረርቶና ሽለላ ለክተት ጥሪ በሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ዜማው የቀድሞው ዜማ ነው፤ አገር ፍቅሩም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን በሬዲዮ የሚፎክር ሰው አጠገቡ ምስክር የለውም፤ አዳማጩም ሊመልስለት ወይም ሊሥቅበት አይችልም። ስለዚህ በግዳይ ላይ የተነገረው ፉከራና በሬዲዮ የተላለፈው ፉከራ በስም አንድ ሲሆኑ በሥራ ሁለት ናቸው። ሁለቱን በአንድ ክፍል አጣምሮ የሚያቀርብ መጽሐፍ ያን ለውጥ ሳያሳይ ያልፋል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተሻለ መንገድ የያዙ ሥራዎች ታይተዋል። ፈቃደ አዘዘ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ስለ ድርቅ፥ ስለ ረኃብና ስለ እግዚአብሔር የተገጠሙትን ያገሬውን ግጥሞች ከሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ሰብስበው ሲያወጡ፥ ግጥሙን ከ1977 ዓ.ም. መከራ ሳይነጥሉ አቅርበውታል። በዚያ ሥራ ውስጥ ጸሎትና ወቀሳ በአንድ ስንኝ ሲቀመጡ ይታያል፤ ፈጣሪውን የሚለምን ገበሬ በዚያው አፉ ይሞግተዋል። ጌትዬ ገላዬም በ2000 ባሳተሙት ጥናት በምሥራቅ ጎጃም በየትኖራ የነበረውን የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከግጥሞቹ ጋራ አያይዘው መርምረዋል። ማኅበሩን የሚያመሰግንና የሚያማርር ቃል ከአንድ መንደር ሲወጣ ልዩነቱን ለመፍረድ የማኅበሩን ታሪክ ማወቅ ግድ ነው፤ ጥናቱም ይህን አሟልቷል። የሁለቱ ሥራዎች ብልጫ ግጥም በማብዛታቸው ሳይሆን ግጥሙ የተባለበትን ነገር ከግጥሙ እኩል አድርገው በመመዝገባቸው ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የግጥም ትርጉም በሥፍራውና በአዳማጩ የሚወሰን ከሆነ ግጥሙ ራሱ ምን ዋጋ አለው? ማንኛውም ተራ ቃል በሚመች ጊዜ ቢነገር ያው አይሆንምን? ተቃውሞው ክብደት አለው። መልሱ ግን በግጥሙ አሠራር ውስጥ ይገኛል። ደካማ ውዳሴ አንድ በር ብቻ አለው፤ በየትኛውም ቀን፥ በየትኛውም ሰው ፊት ቢነገር ውዳሴ ሆኖ ይቀራል። ጥሩ ግጥም ግን ሁለተኛውን በር ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ የሚከፍተው ቀኑና አዳማጩ ነው፤ የሠራው ግን ገጣሚው ነው። «የወንዙ ዋና» በሚለው ቃል ምትክ «የአገሩ አለቃ» ቢባል ሹሙ ስንት ጊዜ ቢሸሽ ማንም አይሥቅም። ስለዚህ የሥፍራው መመዝገብ የገጣሚውን ጥበብ አያሳንስም፤ ጥበቡ የት ላይ እንዳለ ያሳያል እንጂ።

እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ወደ ገጠርም ሆነ ወደ ከተማ ወጥቶ ግጥም ለሚሰበስብ ተማሪ ጥቂት ነገሮች ግዴታ ሊሆኑበት ይገባል። ግጥሙን የተናገረውን ብቻ ሳይሆን ያቀበለውንም ይጻፍ። በማን ፊት እንደ ተባለ፥ ማን እንደ ሸለመ፥ ማን እንደ ሣቀ፥ ማንስ ዝም እንዳለ ይመዝግብ፤ ዝምታ በአማርኛ ግጥም ፊት ትልቅ ፍርድ ነውና። የሚጠብቀውን ፊደል በላዩ ነጥብ አድርጎ ያመልክት፤ ዘፋኙ በመካከል የያዘው ከሆነም ይህንኑ ይጻፍ። ሴቶች ወፍጮ ላይ የሚያንጎራጉሩትን ሲሰበስብ በጓዳው ማን እንደ ነበረ ይጠይቅ፤ አማት ስትሰማ የተባለውና ማንም ሳይሰማ የተባለው አንድ አይደለምና። በመጨረሻም ግጥሙን በየወገኑ ለመመደብ አይቸኩል። ምደባ ከምርመራ በኋላ ሲመጣ ዕውቀት ይሆናል፤ ከምርመራ በፊት ሲመጣ ግን ሕዝቡ በአንድ አፍ የተናገረውን ኩራትና ፌዝ፥ ፍቅርና ክስ ይለያየዋል።

የጽሑፍ ስብስቦች እየበዙ በሄዱ ቁጥር በቃል የሚያውቋቸው ሰዎች እየቀነሱ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። ዛሬ ቃሉ ያለ ሥፍራው ከተጻፈ፥ ነገ ሥፍራውን የሚነግር ሰው አይኖርም። ያን ጊዜ የጉር አምባው አዝማሪና በ1929 ዓ.ም. የወደቁት ባለማሲንቆዎች ምን ብለው እንደ ሞቱ ይታወቅ ይሆናል፤ ስለ ምን እንደ ሞቱ ግን አይታወቅም።